ሩብ ታንክ

በወሩ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ማልጄ፣
ከኦፋቂም ዳር ካለው ግቢ እገባለሁ፣ መፍቻ በእጄ።
ሠላሳ አንድ ባለጎማ ቤት ሸራ ለብሶ ተኝቷል፤
የነጌቭ አቧራ ገብቶ የሸራውን ስፌት ሞልቷል።

አሥራ ሰባት ቁጥር የናፍታሊ ነው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ አስተማረ፤
በጡረታው ገዛው፣ አገር ሊያይ ነበረ፤
ካርታው ወንበሩ ላይ እንደታጠፈ ቀረ።
አሁን ሃይፋ ነው፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ጉልበቱ ነው የከዳው፤ ጆሮው ግን ጉድ ነው፣ የሚያስደንቅ።

መጀመሪያ ዘይቱን። መለኪያዋን መዝዤ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣
መልሼ ነክሬ፣ በጣቶቼ መሃል አሽቼ አያለሁ።
ከዚያ የጭስ ማውጫውን። ባለፈው ወር ተርብ ጭቃ አቡክታ
ቤት ልትሠራ ጀምራ ነበር፣ አፉን በሙሉ ዘግታ።
ይቅር በይኝ ብዬ አፈረስኩባት፤ ለኔም ከብዶኝ ነበር፤
ባገኙት ብረት ውስጥ ቤት መሥራት እኔም የማውቀው ነገር።

እዚህ አገር ስገባ የተሰጠኝ ቤት ካራቫን ነው፣
ናሃል ቤካ፣ ከቤርሼባ አጠገብ፤ ጎማ ያልነበረው።
«ለጥቂት ወር ነው» ተባልን፤ አራት ክረምት አለፈ፤
ዝናብ ጣሪያውን በደበደበ ቁጥር የሚስቴ እንቅልፍ ረገፈ።
ቤቱ የትም አይሄድም፤ ያኔ እኛ ነበርን ሂያጅ፤
ዛሬ ደግሞ ባለስድስት ጎማ እጠብቃለሁ፣ የማይጓዝ የመንገድ ወዳጅ።

የግቢው ባለቤት ልጅ «አስነሥተህ አጥፋው፣ ይበቃል» ይለኛል።
ልጅ ነው። ሥራ ሳይኖረው የሚጮህ ሞተር ይብሱን ይታመማል።
ሸክም ይፈልጋል! ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ፣
ብርድ ቢሆንም እከፍታለሁ፣ ጃኬቴን ለብሼ እቆማለሁ፤
ግማሽ ጉልበቱን አስይዤው፣ ሰዓቴን አያለሁ።
ግማሽ ሰዓት። ከዚያ አላጎድልም።
ቤንዚን ሲከርም ሙጫ ይሆናል፣
የካርቡሬተሩን ቀጭን ቀዳዳ እንደ ሰም ይደፍናል።
«ያልታለበች ላም ጡቷ ይቆስላል» የሚሉት
አባቴ፣ ይህን ሞተር ሳያዩ ነው ያወቁት።

ናፍታሊ በወር አንዴ ይደውላል። «ዛውዴ፣ እስቲ አሰማኝ» ይላል።
ስልኬን ወደ ሞተሩ አስጠጋለሁ። ዝም ብሎ ያዳምጣል።
አንድ ቀን «ያስለዋል» አለኝ። ብፈታው፣ ካንዴላው ጠቁሮ ነበር፤
ሃይፋ ተቀምጦ ሰማው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳልጠረጥር።

ይህን ሞተር ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ሰውየው ግን አንድ ነገር ገብቶታል፤
ከመኪናው ታንክ እየጠጣ ይቆይና፣ ሩብ ላይ ሲደርስ ያቆማል።
አይበላሽም፤ የሚስብበት ቧንቧ አጭር ነው፤
ከዚያ በታች ያለው ነዳጅ የመንገዱ ነው፣
መብራት የፈለገ ሰው መመለሻውን እንዳይጨርሰው።
ይህን ስነግራት ሚስቴ ሳቀች፤ ኋላ ግን ዝም አለች፣
ከናሃል ቤካ ምን ሩብ እንደተረፈን ልትቆጥር መሰለኝ፣ ጣቷን አጠፈች።

በዚህ ወር አልደወለም።
እኔም አልደወልኩም። ፈርቼ ነው፣ አልዋሽም።
ሸራውን ገለጥኩ፣ የባትሪውን ገመድ አሰርኩ፣ አስነሣሁ፤
ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፣ በሦስተኛው ያዘ፤ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ፣ ቆምኩ፣ በራድኩ።
ልጁ ከቢሮው ብቅ አለ፦ «የሁለት ወር ኪራይ አልገባም፣
ለማን ነው የምትደክመው?» አለኝ። እኔ ደግሞ መልስ የለኝም።
«ስምንት ደቂቃ ይቀረዋል» አልኩት።

ስልኬን ከክዳኑ ላይ አስቀምጫለሁ፤
ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው
የተደወለ እየመሰለኝ አነሣለሁ።